ስዊድን በነሐሴ፦ በ10 ቀን የትኞቹን ከተሞች እንይ? (በባቡርና በመርከብ ብቻ)

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለት ሰው የሚሆን ምክር ፈልጌ ነው። ነሐሴ 5 (ኦገስት 11) ጠዋት ስቶክሆልም አርላንዳ እንደርሳለን፤ ነሐሴ 14 (ኦገስት 20) ማታ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ቪዛውን አግኝተናል፣ የአውሮፕላን ትኬቱንም ቆርጠናል። መኪና አንነዳም። ከሁለታችን አንዷ ፍልሰታን ትጾማለች። ገንዘባችን ለመካከለኛ ሆቴል ወይም ለደህና ሆስቴል ይበቃል። እስካሁን የያዝነው ሐሳብ ስቶክሆልም፣ ጎተንበርግ፣ ማልሞና ኪሩና ነው፤ ኪሩናን የመረጥነው የሰሜኑን ብርሃን (በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን) ለማየት ነው። ያስኬዳል? የቱ ይጨመር፣ የቱ ይተው?

ሐዲድ ተከታይ

እህቴ፣ መጀመሪያ ካርታውን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ስዊድን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ 1,570 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ከተሞቿ ግን በአብዛኛው የተሰበሰቡት በደቡቡ አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። ስለዚህ ከተማ መምረጥ ማለት እዚያ አገር የባቡር መስመር መምረጥ ማለት ነው። ዋናዎቹ መስመሮች ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፦ ከስቶክሆልም ጎተንበርግ በፈጣን ባቡር 3 ሰዓት ገደማ፣ ከስቶክሆልም ማልሞ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከጎተንበርግ ማልሞ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ኡፕሳላ ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን በ70 ኪሎ ሜትር፣ ሉንድ ደግሞ ማልሞ አጠገብ ናቸው።

ኪሩና ከዚህ ሦስት ማዕዘን ውጪ ናት። የሌሊት ባቡሩ ከስቶክሆልም 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ደርሶ መልስ ሲሆን ሁለት ሌሊት በሐዲድ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ለ10 ቀን ጉዞ ከባድ ዋጋ ነው።

የትኬት ነገር፦ የፈጣን ባቡር ዋጋ እንደ አውሮፕላን ይዋዥቃል። ዛሬ 300 ክሮኖር (የስዊድን ገንዘብ) የነበረው መቀመጫ በመጓዣው ሳምንት ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስቶክሆልም–ጎተንበርግ ላይ ኤስጄ ከተባለው የባቡር ኩባንያ ሌላ ቪአር የተባለውም ስለሚሠራ ሁለቱንም አፕ ከፍታችሁ አወዳድሩ። የአርብ ከሰዓትና የእሑድ ማታ ባቡሮች ሁልጊዜ ውድ ናቸው፤ ማክሰኞና ረቡዕ ቀትር ላይ ያሉት ይረክሳሉ።

የአቢስኮ ሰማይ

የኪሩናውን ነገር ለይቼ ልመልስ፤ ዋናው ምክንያት የመንገዱ ርዝመት እንኳ አይደለም። በኦገስት አጋማሽ ኪሩና ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች እንጂ ሰማዩ በደንብ አይጨልምም። የሰሜኑ ብርሃን ደግሞ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ጨለማ፣ ደመና የሌለበት ሰማይና የፀሐይ እንቅስቃሴ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይታይም። ጨለማው የሚመለሰው ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ወቅቱ እስከ ማርች መጨረሻ ይዘልቃል። በዚህ ጉዞ ተዉት።

ሌላ ጊዜ ለሚሄድ ሰው፦ ከኪሩና ይልቅ በባቡር ወደ ኖርዌይ አቅጣጫ ጥቂት ቀጥላችሁ አቢስኮ ውረዱ። በምዕራብ ያሉት ተራሮች ከአትላንቲክ የሚመጣውን ዝናብ ያስቀሩታል። በዚህ ምክንያት አቢስኮ በስዊድን እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች አንዷ ናት፤ ሰማይዋም ቶሎ ይጠራል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉዳይ አለ፦ አቢስኮ ውስጥ ሁለት ጣቢያ አለ። «አቢስኮ ኦስትራ» መንደሩ ነው፣ «አቢስኮ ቱሪስትስታሹን» ብሔራዊ ፓርኩ በር ላይ ነው። ማደሪያችሁ የቱ ጋ እንደሆነ ሳታዩ ከወረዳችሁ በበረዶ ላይ ሻንጣ እየጎተታችሁ ትሄዳላችሁ።

ወሩን ለመምረጥ ነፃነት ያለው ሰው የሴፕቴምበርን ሁለተኛ አጋማሽ ይያዝ። ሌሊቱ ጨልሟል፣ ሐይቆቹ ገና ስላልበረዱ ብርሃኑ ውኃው ላይ ይታያል፣ ብርዱም የጃንዋሪው 25 ወይም 30 ከዜሮ በታች አይደለም። በክረምት ከሆነ ግን ከውስጥ የሚለበሰው የሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል። የስልክ ባትሪ በዚያ ብርድ በደቂቃዎች ይወርዳልና በውስጥ ኪስ ያዙት።

ኪሩና ራሷ ግን በከተማነቷ መታየት ያለባት ናት፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ የለም። የብረት ማዕድኑ እንደ ዘንበል ያለ ግድግዳ ከከተማዋ ሥር ይገባል። ኤልካአቤ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ከታች ድንጋዩን ባወጣ ቁጥር ከላይ ያለው መሬት እየተሰነጠቀ ወደ ቤቶቹ ቀረበ። ስለዚህ የከተማዋን መሀል ወደ ምሥራቅ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ አዛወሩት፤ አዲሱ መሀል ከተማ በ2022 ተመረቀ። በ1912 የተሠራውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሳያፈርሱ፣ 672 ቶን ሙሉ አካሉን ተሽከርካሪ ላይ ጭነው፣ በኦገስት 19 እና 20 ቀን 2025 አምስት ኪሎ ሜትር ወሰዱት። አሮጌ ካርታ ወይም አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው። የባቡር ጣቢያውም ከመሀል ከተማ ስለሚርቅ አውቶቡሱን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሐይቅ ዳር

የኪሩናው ነገር ገብቶኛል፣ ተውነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ የተረፉትን ቀናት የት እናውላቸው? ደግሞም ከአርላንዳ ወደ ከተማ መግቢያው ውድ ነው ይባላል።

ሜርስታ

የአርላንዳውን እኔ ልመልስ። አራት መንገድ አለ። አርላንዳ ኤክስፕረስ ከ20 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ያደርሳል፣ ግን በጣም ውድ ነው። የአየር ማረፊያው አውቶቡስ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋው መካከለኛ ነው። የከተማ ዳር ባቡሩ (ፔንደልቶግ 40 ቁጥር) ከተርሚናሉ ሥር ይነሳል፤ ነገር ግን ከመደበኛው ትኬት ሌላ ከ100 ክሮኖር በላይ የጣቢያ መተላለፊያ ያስከፍላል። ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቀው በሩ ላይ ሲደርስ ነው።

ርካሹ መንገድ ይኸውላችሁ፦ ከተርሚናሉ ውጪ 583 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ። 20 ደቂቃ ገደማ ሄዶ ሜርስታ ጣቢያ ያወርዳችኋል። እዚያ ፔንደልቶግ 41 ቁጥር ይነሳል፤ ስቶክሆልም ሲቲ ድረስ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ መደበኛ የኤስኤል (የስቶክሆልም ትራንስፖርት) ትኬት ያልቃል፤ የመተላለፊያ ክፍያ የለም። አንዱ ትኬት 75 ደቂቃ ይቆያል፣ ዋጋው ከ40 ክሮኖር ትንሽ በለጥ ይላል።

ለሁለት ሰው ጥንቃቄ፦ የባንክ ካርድን መግቢያው ላይ በማስነካት መክፈል ይቻላል፣ ግን አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። ሁለታችሁ በአንድ ካርድ የምትኖሩ ከሆነ ትኬቱን በኤስኤል አፕ ግዙ። አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ስሉሰን

የ24 ሰዓት ትኬት ልትገዙ ካሰባችሁ አስሉት፦ ዋጋው ከአራት ነጠላ ትኬት ትንሽ ይበልጣል። 75 ደቂቃው ውስጥ መለዋወጥም መመለስም ስለሚቻል በቀን አምስት ትኬት የማይጨርስ ሰው በነጠላው ይሂድ። ለሦስት ቀን ቆይታ የ72 ሰዓቱ ይሻላል። ከስሉሰን ወደ ዩርጎርደን ደሴት የምትሻገረው ትንሽ ጀልባ (82 ቁጥር) በዚሁ ትኬት ትሠራለች፤ የከተማውን ፊት ከውኃው ላይ ለማየት ለቱሪስት ጀልባ ብዙ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

ስቶክሆልም ሙሉ ሦስት ቀን ይገባታል። ከተማዋ በ14 ደሴት ላይ ናት፤ አንድ ቀን አንድ አካባቢ ብትይዙ እግራችሁ አይደክምም። ጋምላ ስታን የተባለውን አሮጌውን ከተማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት (በእነሱ 8:30፤ ከዚህ በታች እንዲህ በ«:» የተጻፈው ሰዓት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) ግቡበት፤ ከ11:00 በኋላ የትልልቅ መርከብ ተሳፋሪዎች ይሞሉታል። ሞርተን ትሮትሲግ የተባለው ጠባብ መተላለፊያ መጥበቢያው ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰው ከበዛ ተራ ያስጠብቃል። የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያዎች ራሳቸው ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ከ100ው ከ90 በላይ የሥነ ጥበብ ሥራ አለባቸው። ሰማያዊው መስመር ላይ ቴ-ሴንትራለን፣ ኩንግስትሬድጎርደንና ሶልና ሴንትሩም ድንጋዩ እንደ ተፈለፈለ የተተወ ዋሻ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ድንጋዩን በሌላ ዓይን ያየዋል።

የከተማው አዳራሽ (ስታድስሁሴት፣ 1923) ውስጡ የሚታየው በአስጎብኚ ብቻ ነው። የኖቤል ግብዣ በዲሴምበር 10 የሚደረግበት «ሰማያዊው አዳራሽ» ቀለሙ ሰማያዊ አይደለም፤ አርክቴክቱ ጡቡን ካየ በኋላ ሳይቀባው ተወው፣ ስሙ ግን ቀረ።

የመርከብ ሰው

ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያይ ሰው ቫሳ ሙዚየምን ይይ። ብዙዎች ፎቶ አንስተው በ40 ደቂቃ ይወጣሉ፤ ምን እንዳዩ ሳይረዱ ማለት ነው።

ቫሳ በኦገስት 10 ቀን 1628 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀምሮ 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ሄዶ የሰጠመ የጦር መርከብ ነው። 64 መድፍ ነበረው። የሰጠመው ላይኛው ክፍሉ ከታችኛው አንጻር ስለከበደ ነው። ማረጋጊያ ድንጋይ 120 ቶን ያህል ነበረው፣ አልበቃም፤ ልጨምር ቢባል እንኳ ታችኛው የመድፍ መስኮት ወደ ውኃው ይቀርባል። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች ከጎን ወደ ጎን እየሮጡ ፈትነውት ነበር፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ መርከቡ እጅግ ስለተንገዳገደ ፈተናውን አቆሙት። ጉዞው ግን አልቆመም። የመጀመሪያው ጠንካራ ነፋስ ሲያዘነብለው ውኃው በተከፈቱት ታችኛ የመድፍ መስኮቶች ገባ።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ታችኛው ፎቅ ውረዱና የሆዱን ስፋት እዩ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥታችሁ የኋላውን ቁመት እዩ። ስሕተቱ በዓይን ይታያል። ከውኃ የወጣው በ1961 ሲሆን ከ333 ዓመት በኋላ 98 በመቶው ዋናው እንጨት ነው። ምክንያቱ የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ መሆኑ ነው፤ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል እዚያ አይኖርም።

ውስጡ ለእንጨቱ ሲባል ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በነሐሴም ሹራብ ያዙ። በእነሱ በጋ (ነሐሴንም ይጨምራል) ጠዋት 8:30 ስለሚከፍት በዚያ ሰዓት ግቡ። ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው። ከመሀል ከተማ 7 ቁጥር ትራም ያደርሳል።

ጎትላንድ

እስካሁን ማንም ስላላነሳት እኔ ላንሳት፦ ቪስቢ። ከስዊድን ከተሞች አንዷን ብቻ ጨምሩ ብባል ከማልሞም ከጎተንበርግም በፊት እሷን እላለሁ። ጎትላንድ ደሴት ላይ ናት፤ ከ1995 ጀምሮ የዓለም ቅርስ። የከተማው ግንብ 3.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከመካከለኛው ዘመን ቆሞ የቀረ፣ በእግር ሙሉውን መዞር የሚቻል። በውስጡ ጣሪያቸው የወደቀ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ጸሎት የሚደረግበት በ1225 የተባረከው የማርያም ካቴድራል ብቻ ነው። ጎትላንድ ሙዚየም ውስጥ በ1999 ማሳ ላይ የተገኘው 67 ኪሎ የቫይኪንግ ብር ሀብት አለ፤ በዓለም ከተገኙት ትልቁ። የነጋዴ ከተማ ምን ያህል ሀብት እንደነበራት ያ ብር ይነግራችኋል።

መንገዱ፦ ከስቶክሆልም ሲቲ ፔንደልቶግ 43 ቁጥር ወደ ኒነስሃምን፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በኤስኤል ትኬት። ከዚያ መርከብ፣ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ተጠንቀቁ፦ ወደ ኒነስሃምን የሚወስደው ሐዲድ መጨረሻው አካባቢ ነጠላ ነው። አንዱ ባቡር ከዘገየ ተቃራኒው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ መዘግየቱ ይደራረባል። በበጋ ደግሞ በሐዲድ ጥገና ምክንያት ባቡሩን በአውቶቡስ የሚተኩባቸው ቀናት አሉ። የባቡሩና የመርከቡ ትኬት የተለያየ ስለሆነ መርከቡ ካመለጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። ወደቡ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ለመድረስ አስሉ። ፓስፖርት በእጅ ይኑር።

ከቪስቢ ወደብ ወደ ግንቡ በእግር 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው። ከግንቡ ውስጥ ያሉት መንገዶች ዳገትና ኮብልስቶን ናቸው፤ ባለ ትንሽ ጎማ ሻንጣ ይሰበራል፣ የጀርባ ቦርሳ ይሻላል። የመካከለኛው ዘመን ሳምንት የተባለው በዓል በኦገስት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ በዚያ ሳምንት አልጋ አይገኝም። እናንተ የምትደርሱት ከዚያ ትንሽ ቆይታችሁ ነው፣ መልካም ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ዛሬውኑ ያዙ።

ሐዲድ ተከታይ

«ጎትላንድ» የተባለው ጸሐፊ ያነሳው የቪስቢ ሐሳብ ያምራል፤ በአንድ ሁኔታ፦ ወደ ኒነስሃምን መመለስ የለባችሁም። ከቪስቢ ወደ ኦስካርስሃምን የሚሄድ መርከብ አለ፣ እሱም 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከኦስካርስሃምን በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ካልማር፣ ከካልማር በባቡር መቀጠል። እንዲህ ከሆነ ጉዞው ክብ ይሆናል፣ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አትሄዱም።

ስቶክሆልም 3 ሌሊት፣ ቪስቢ 2፣ ካልማር 1፣ ሉንድ 1፣ ጎተንበርግ 1፣ ኡፕሳላ 1። ዘጠኝ ሌሊት። የመጨረሻዋ ኡፕሳላ የሆነችው ለአርላንዳ ከስቶክሆልም ይልቅ ስለምትቀርብ ነው፤ በባቡር 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

የዚህ ዕቅድ ድካም ያለበት ቦታ ኦስካርስሃምን ነው። አንዳንዱ መርከብ እዚያ ማታ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በዚያ ሰዓት ወደ ካልማር አውቶቡስ ላይኖር ይችላል። የመርከቡን ሰዓት ከመክፈላችሁ በፊት የአውቶቡሱን ሰዓት እዩ።

የጎተንበርግ ትራም

በአክብሮት እቃወማለሁ። በዘጠኝ ሌሊት ስድስት ማደሪያ በጣም በዛ፤ እያንዳንዱ የማደሪያ ለውጥ ግማሽ ቀን ይበላል። ሻንጣ ማሸግ፣ 11:00 ላይ መውጣት፣ 15:00 ድረስ ክፍል መጠበቅ። ሉንድን አውጡና ጎተንበርግን ሁለት ሌሊት አድርጓት። ከካልማር ወደ ጎተንበርግ በአልቬስታና በቦሮስ በኩል የሚያልፍ «ከዳር እስከ ዳር» የሚባል የባቡር መስመር አለ፤ ማልሞ መውረድ አያስፈልግም።

ጎተንበርግ ላይ ብዙ ሰው አቬኒን የተባለውን ሰፊ መንገድ ወጥቶ ወርዶ «ምንም የላት» ብሎ ይሄዳል። የዚያች ከተማ ዋናው ነገር ባሕሩ ነው። 11 ቁጥር ትራም እስከ መጨረሻው፣ ሳልትሆልመን፣ ውሰዱ። እዚያ ወደ ደቡቡ ደሴቶች የሚሄዱ ጀልባዎች አሉ፤ የትራሙ ትኬት (ዞን ኤ) ጀልባው ላይም ይሠራል፣ 90 ደቂቃ ይቆያል። ደሴቶቹ ላይ የግል መኪና የለም። ስቲርሶ ለእግር ጉዞ፣ ቭሮንጎ ለዋና ይሻላሉ። ለመመለሻ የጀልባውን ሰዓት ፎቶ አንሱ፤ ከራት ሰዓት በኋላ ይሳሳል። ውኃና ምግብ ከከተማ ያዙ።

ከተማ ውስጥ፦ ሃጋ የተባለው የእንጨት ቤቶች ሰፈር፣ ከላዩ ያለው ስካንሰን ክሩነን ምሽግ (መውጣቱ ነፃ፣ ከተማው ሁሉ ይታያል)፣ ስሎትስኮገን መናፈሻ ውስጥ ያሉት ኤልክ የተባሉት ትልልቅ አጋዘኖች (ነፃ)፣ በ1874 የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የሚመስል የዓሣ ገበያ። ዝናብ ሁልጊዜ አለ፤ ጃንጥላን ነፋሱ ይገለብጠዋልና የዝናብ ጃኬት ይሻላል።

ስኮነ

ሉንድንና ማልሞን እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር መጣል ግን አይገባም። የሉንድ ካቴድራል ዋና መሠዊያ በ1145 የተባረከ ነው፤ በውስጡ ያለው የ15ኛው መቶ ዘመን የከዋክብት ሰዓት በ12:00 እና በ15:00 ምስሎቹን እያስወጣ ይዘምራል፣ እሑድ የመጀመሪያው ወደ 13:00 ይዛወራል። ያንን ሰዓት ሳያውቅ የሚገባ ሰው የቆመ ሰዓት አይቶ ይወጣል። ማልሞ ውስጥ 190 ሜትር የሆነው ጠምዛዛው ሕንፃ ተርኒንግ ቶርሶ መኖሪያ ቤት ስለሆነ ከውጪ ብቻ ነው የሚታየው። ኦረሱንድ ድልድይ በ2000 ከተከፈተ ጀምሮ ከኮፐንሃገን አየር ማረፊያ ማልሞ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

በረራቸው ከኮፐንሃገን የሆነ ሰዎች ማልሞንና ሉንድን ሁለት ሌሊት ይስጧቸው፤ ለእነሱ መግቢያው በር እዚያ ነው። ከዴንማርክ ወደ ስዊድን ስትሻገሩ ሂሊየ ጣቢያ ላይ ፖሊስ ሊፈትሽ ይችላል፤ የፓስፖርት ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ የተነሳ ምስል አይበቃም። የእናንተ በረራ ከአርላንዳ ስለሆነ ግን፣ ከላይ «የጎተንበርግ ትራም» እንዳለው፣ በዚህኛው ጉዞ ይቅር ብል አይከፋኝም።

ሐይቅ ዳር

ስቶክሆልም 3፣ ቪስቢ 2፣ ካልማር 1፣ ጎተንበርግ 2፣ ኡፕሳላ 1። ይህንን ያዝነው። ካልማር ለአንድ ሌሊት ምን አላት? ኡፕሳላስ? ከጎተንበርግ ስንመለስ ከስቶክሆልም ኡፕሳላ በኤስኤል ትኬት እንደርሳለን አይደል?

ሜርስታ

አይደለም፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ፔንደልቶጉ ኡፕሳላ ድረስ ይሄዳል፣ ትኬቱ ግን አይሄድም። የኤስኤል ትኬት የሚያበቃው የስቶክሆልም አውራጃ ወሰን ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዩኤል የተባለው የኡፕሳላ ትራንስፖርት ነው። የሁለቱ ጥምር ትኬት ይገዛል። ከዚያ ይልቅ ግን ከስቶክሆልም ማዕከላዊ ጣቢያ ቀጥታ በሚሄደው ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ይሻላል። ከጎተንበርግ ትኬት ስትቆርጡ መድረሻውን «ኡፕሳላ» ብላችሁ በአንድ ትኬት ግዙ። አንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው ያሳፍሯችኋል። ለየብቻ ከገዛችሁ ግን አዲስ መግዛት ነው።

በመመለሻው ቀን ከኡፕሳላ ወደ አርላንዳ ባቡሩ ያንኑ የጣቢያ መተላለፊያ ያስከፍላል። 801 ቁጥር አውቶቡስ አያስከፍልም፣ 45 ደቂቃ ገደማ ነው።

ፊሪስ ወንዝ

ኡፕሳላ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ትርጉም አላት። የቡናን ሳይንሳዊ ስም፣ «ኮፊያ አራቢካ»ን፣ በ1753 ያወጣው የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካርል ሊኔየስ ነው። ቡናው ወደ አውሮፓ የመጣው ከየመን በኩል ስለነበር መነሻው ዐረብ አገር መሰለው፤ ስሕተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ላይ አለ። የሠራበት የአትክልት ስፍራና ቤቱ መሀል ከተማ ናቸው፣ በበጋ ክፍት ናቸው። እሱ ራሱ የተቀበረው በካቴድራሉ ውስጥ ነው። ካቴድራሉ 118.7 ሜትር ከፍታ አለው፣ በኖርዲክ አገሮች ረጅሙ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከዚያ ዳገቱን ወጥታችሁ ካሮሊና ሬዲቪቫ የተባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የብር መጽሐፍ ቅዱሱን እዩ። በ6ኛው መቶ ዘመን በጎት ቋንቋ፣ በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ ወንጌል ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ከዚያ መስኮት ቶሎ አይላቀቅም።

የመንግሥታቱ ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዳግ ሐማርሾልድ መቃብራቸው በአሮጌው የከተማ መቃብር ነው። በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 የተመሠረተው በእሳቸው ዘመን ነበር።

ኤላንድ ድልድይ

ካልማር አጭር ናት፦ በ1397 ዴንማርክን፣ ኖርዌይንና ስዊድንን በአንድ ዘውድ ሥር ያደረገው ውል የተፈጸመባት ከተማ ናት፤ ቤተ መንግሥቱ ከባቡር ጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ነው። ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ በአውቶቡስ 6,072 ሜትሩን ድልድይ ተሻግራችሁ ኤላንድ ደሴት ደርሳችሁ ተመለሱ።

ገበታ

ለምትጾመዋ እህት፦ «ቬጋንስክ» የሚለውን ቃል ያዙ። «ቬጌታሪስክ» አይበቃም፤ እሱ ቅቤ፣ ወተት፣ ዓይብና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። እሽግ ምግብ ላይ የወተት ስሙ «ምዮልክ»፣ የቅቤው «ስሜር»፣ የእንቁላሉ «ኤግ» ነው። የአጃ ወተት በየካፌው አለ። የቀረፋ ዳቦው (ካኔልቡሌ) በአብዛኛው ቅቤ አለው፤ ጠይቁ። ስቶክሆልምና ጎተንበርግ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በፍልሰታ በያይነቱ አይጠፋም።

ለገንዘብ ቁጠባ ዋናው ምግብ ምሳ ይሁን። በሥራ ቀን ከ11:00 እስከ 14:00 «ዳጌንስ ሉንሽ» የሚባል አለ፤ በአንድ ዋጋ ዋናው ምግብ፣ ሰላጣ፣ ዳቦና ቡና ይጨምራል፣ 130 ክሮኖር አካባቢ። ያው ምግብ ማታ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውኃው ይጠጣል፣ የፕላስቲክ ውኃ አትግዙ።

ስሉሰን

የገንዘብ ነገር፦ ዩሮ አይሠራም፣ ጥሬ ክሮኖርም በብዙ ሱቅ አይቀበሉም። የባንክ ካርዳችሁ ለውጪ አገር ክፍያ የተከፈተ መሆኑን፣ ፒኑም የሚሠራ መሆኑን አዲስ አበባ እያላችሁ አረጋግጡ፤ የሕዝብ መጸዳጃ እንኳ በካርድ ነው። ስዊሽ የሚባለው የስልክ ክፍያ የስዊድን ባንክ ሒሳብ ለሌለው አይሆንም።

ዘመድ አሮጌ ክሮኖር ከሰጣችሁ እዩት። አሮጌዎቹ ኖቶች በ2016 እና በ2017 ከዝውውር ወጥተዋል። ባለ 100ው ላይ የተዋናይቷ ግሬታ ጋርቦ ፎቶ ካለ አዲሱ ነው፤ ሊኔየስ ካለበት ሱቅ አይቀበለውም።

ታክሲ፦ ስዊድን ውስጥ የታክሲ ዋጋ በመንግሥት አልተወሰነም። በመስኮቱ ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት አለ፣ ትልቁ ቁጥር የማወዳደሪያ ዋጋው ነው። ቁጥሩ ከሌሎቹ እጥፍ ከሆነ አትግቡ፤ ከገባችሁ በኋላ ክርክር አይረዳም፣ ሕጋዊ ነውና።

ጎትላንድ

ሆስቴል (ቫንድራርሄም) ለምትይዙ፦ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ አንሶላና ፎጣ አይጨምርም፤ የመውጫ ጽዳትም ወይ ራሳችሁ ትሠራላችሁ ወይ ትከፍላላችሁ። ሁለት አንሶላና አንድ ፎጣ ይዞ መሄድ ለሁለት ሰው በየማደሪያው ጥሩ ገንዘብ ያተርፋል። የመኝታ ከረጢት ግን አብዛኞቹ አይፈቅዱም።

ሐይቅ ዳር

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ፤ ዕድሜ ይስጣችሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በቅደም ተከተል መጀመሪያ የቱን እንክፈል?

ሐዲድ ተከታይ

መጀመሪያ የቪስቢን አልጋ፣ እሱ ቶሎ ያልቃልና፤ የሚሰረዝበትን ዋጋ ምረጡ። ቀጥሎ ሁለቱን መርከቦች፣ የኦስካርስሃምኑን አውቶቡስ ካያችሁ በኋላ። ከዚያ ጎተንበርግ–ኡፕሳላን በአንድ ትኬት። ከካልማር ጎተንበርግ ያለው ባቡር ዋጋው ብዙ ስለማይዋዥቅ ይቆያል። የከተማ ውስጥ ትኬት አስቀድማችሁ አትግዙ። አንድ ነገር ደግሞ፦ የምትቆርጡት ትኬት ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፤ በኦገስት ስዊድን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። 14:10 ማለት ለእነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው፣ በዚያች ደቂቃ አዲስ አበባ 9 ሰዓት ከ10 ይላል። የእጅ ሰዓታችሁን አውሮፕላኑ ላይ ቀይሩት።